ለዳታቤዙ ሁለት ባላ፣ ለመስኮቱ አንድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

«ሲስተም የለም» እየተባሉ ከየተቋሙ መስኮት ስለሚመለሱ ተገልጋዮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጸሐፊው የተገልጋዩን ብሶት አሳምረው ገልጸውታል። ምክንያቱን ግን በሙሉ በመብራትና በኔትወርክ ላይ ጥለው አልፈዋል። እኔ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ሰርቨር ክፍል፣ ማለትም ቅርንጫፎቹን ሁሉ የሚያገለግሉት ዋና ኮምፒውተሮች ባሉበት ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መብራትና ኔትወርክ የሚያደርሱብንን አሳምሬ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በእኛ ቤት «ሲስተም የለም» ከተባለባቸው ቀናት በብዙዎቹ መብራት ነበረ፣ ኔትወርክም ነበረ፣ የአባላት ሂሳብ የሚመዘገብበት ዳታቤዝም አንዳች አልሆነም ነበር። ታዲያ የጠፋው ምን ነበር? ብዕር ያነሳሁት ይህን ለመናገር ነው። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የእኛ ብቻ ስላልሆነ መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም።

ከአንድ ቀን ልጀምር። ከገና በዓል ሁለት ቀን በፊት፣ ታኅሣሥ 27 ቀን ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ሣሩን ነጭ አልብሶት ይገኛል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ በብርዱ አልነሳ አለ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስ ባትሪው እስኪያልቅ ተሸከመን፤ ከዚያ ሁሉም ጨለመ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ሲመለስ ዳታቤዙ ያለባቸው ሁለቱ ሰርቨሮች ተነሱ፣ ተፈላልገው ተገናኙ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥም ሥራ ጀመሩ። ሦስተኛው ማሽን ግን አልተነሳም። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ካልመጣ ከተማችን ውስጥ አልነበረም። ገንዘብ ከፋዮቻችን ጠዋት የሚከፍቱት ፕሮግራም የሚኖረው በዚያ በሦስተኛው ማሽን ላይ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ወጣሁ። ሰዉ ከውጭ ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቀ ተሰልፏል። ከተጉለት በኩል የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን በበና ላይ ደርበው፣ የቁጠባ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ለበዓሉ በግ ሊገዙ ነው።

«ልጄ፣ ገንዘቤ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ።

«አልጠፋም እማማ። በደህና ተቀምጧል።»

«ከተቀመጠማ ለምን አትሰጡኝም?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ሰርቨር ክፍሉ ተመልሼ የዳታቤዙን መቆጣጠሪያ ስክሪን አየሁ፤ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። የእኚያ እናት ሂሳብ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል በሁለት ማሽኖች ጥበቃ ሥር ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን ውጭ ቆመዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ አረንጓዴ ምልክት ደስ ብላኝ አታውቅም።

አባቴ የመንዝ ሰው ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ልጅ ሆነን አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስፋ በጣልን ቁጥር ይነግረን ነበር። ተቋማችን ይህን ምክር ለዳታቤዙ ሰምቷል። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሁለት ሰርቨር፣ የጋራ ዲስክ ማከማቻ፣ ሁለቱን እንደ አንድ የሚያሠራ፣ ኦራክል የተባለው የዳታቤዝ ኩባንያ ያወጣው ክላስተር ገዝቷል። ገንዘብ ከፋዩ የሚነካው ፕሮግራም፣ የተቃኙ (ስካን የተደረጉ) ሰነዶች የሚቀመጡበት ፋይል ሰርቨር፣ ለአባላት የስልክ መልእክት የሚልከው ፕሮግራም ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ባላ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። በሥራ አጋጣሚ ያየኋቸው ሌሎች ተቋማትም ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ የተገዛው ክላስተር ከዳታቤዝ ሌላ ሥራም ይችላል። ኦራክል ብዙ ሰርቨሮች አንድ ዳታቤዝ አብረው እንዲያሠሩ የሚያደርገውን፣ ሪል አፕሊኬሽን ክላስተርስ የሚለውን ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2001 9አይ ከተባለው የዳታቤዙ ሥሪት ጋር ሲያወጣ በብዙዎቹ የዩኒክስ ማሽኖች ላይ ሰርቨሮቹን የሚያስተባብረው የሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ነበር። በቀጣዩ ሥሪት በ10ጂ ጊዜ የራሱን አመጣ፤ ቆይቶም ክላስተርዌር ብሎ ሰየመው። ይህ ሶፍትዌር ማን በሕይወት እንዳለ ይቆጣጠራል፤ የወደቀውን ያስነሳል፤ ማስነሳት ካልቻለ ወደ ሌላው ማሽን ያዛውረዋል። የሚጠብቀው ነገር የግድ ዳታቤዝ መሆን የለበትም። ከ10ጂ ሁለተኛ ሥሪት ጀምሮ የሌላ ኩባንያ ፕሮግራምም ሆነ ራሳችን የጻፍነው እንዴት እንደሚመዘገብበት በመመሪያው ላይ ሰፍሯል። ክላስተሩን የተከለልን ባለሙያ ግን «ይህ የዳታቤዝ ነው፣ ሌላ ነገር አታስጠጉበት» ብሎን ነበር የሄደው። እኛም አምስት ዓመት ሙሉ አላስጠጋንበትም።

ከገናው በኋላ ማታ ማታ መመሪያውን ማንበብ ጀመርኩ። ሥራው ከፈራሁት ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ክላስተሩ ስለ ፕሮግራሙ ውስጥ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም፤ አንድ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም በተርታ የተጻፉ ትእዛዞች ያሉበት ፋይል፣ ይሰጠዋል፤ በዚያ ስክሪፕት በኩል አራት ነገር ብቻ ይላል፦ ጀምር፣ አቁም፣ አለህ ወይ፣ የቀረውን ርዝራዥ አጽዳ። ስክሪፕቱ ዜሮ ከመለሰ ተሳክቷል፣ ሌላ ቁጥር ከመለሰ አልተሳካም ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ተንቀሳቃሽ የአይፒ አድራሻ (ፕሮግራሙ በኔትወርክ የሚገኝበት ቁጥር) ይጨመራል። ፕሮግራሙ ወደ ሁለተኛው ማሽን ሲሄድ አድራሻውም አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ያለው ቅርንጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይለውጥ በያዘው አድራሻ ይቀጥላል። መጀመሪያ አድራሻው፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙ እንዲነሳ ቅደም ተከተሉን የሚያስጠብቀው ክላስተሩ ራሱ ነው።

ስክሪፕቱ አርባ መስመር አይሞላም ነበር። ከእነዚያ አርባ መስመሮች ግን አንድ ዓመት ያህል ተማርኩ።

የመጀመሪያው ችግር የጊዜ ገደቡ ሆነ። ክላስተሩ ስክሪፕቱ እንዲጨርስ የሚጠብቀው፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ 60 ሴኮንድ ብቻ ነው። የእኛ ፕሮግራም ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ክላስተሩ ይጀምረዋል፤ ደቂቃው ሲሞላ «አልተሳካም» ብሎ ያጠፋዋል፤ እንደገና ይጀምረዋል፤ እንደገና ያጠፋዋል። አንድ ሙሉ ቀን ስሕተቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ፤ ፕሮግራሙ ምንም አልነበረበትም። ገደቡን ወደ አምስት ደቂቃ ከፍ ሳደርገው ተነሳ።

ሁለተኛው ይብሳል፤ ዛሬም ድረስ ሳስታውሰው ይቆጨኛል። «አለህ ወይ» ለሚለው ጥያቄ ስክሪፕቴ የሚመልሰው የፕሮግራሙ ሂደት ማሽኑ በሥራ ላይ ናቸው ብሎ በያዘው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አይቶ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የፕሮግራሙ ማህደረ ትውስታ ሞልቶ ለማንም መልስ የማይሰጥ ሆነ። ሂደቱ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ክላስተሩ በየደቂቃው ይጠይቃል፣ የእኔ ስክሪፕት በየደቂቃው «አለ» ይላል። የዘበኛው ጫማ ከጎጆው በር ላይ ስለታየ ዘበኛው ነቅቷል እንደማለት ነው። ደብረ ሲና፣ ሮቢትና መሐል ሜዳ ያሉ ቅርንጫፎች ሁለት ሰዓት ሥራ ፈትተው ዋሉ፤ ሁለተኛው ማሽንም ለመተካት ተዘጋጅቶ ሳለ የሚጠራው ጠፋ።

በማግሥቱ ጥያቄውን ቀየርኩት። ስክሪፕቱ የመግቢያውን ገጽ ልክ እንደ ገንዘብ ከፋይ ከፍቶ፣ አንድ የሂሳብ መረጃ ከዳታቤዙ አስጠይቆ፣ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ «የለም» እንዲል አደረግኩት። ጥሩ ሠራሁ ብዬ ነበር። ወሩ ሲያልቅ የወለድ ስሌት ዳታቤዙን ያዘው፤ መልሱ ከአሥር ሴኮንድ አለፈ፤ ክላስተሩም ምንም ያልሆነውን ፕሮግራም ገድሎ ወደ ሌላው ማሽን ወሰደው። እዚያም መልሱ ያው ዘገየ፤ እዚያም ገደለው። ስለዚህ የዳታቤዙን ጥያቄ ከስክሪፕቱ አወጣሁ። ዳታቤዙ የራሱ ጠባቂ አለው፤ የፕሮግራሙ ጠባቂ መጠየቅ ያለበት ፕሮግራሙ ራሱ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ብቻ ነው። አሁን በየ30 ሴኮንዱ የመግቢያውን ገጽ ይጠይቃል፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካልተመለሰለት ነው «የለም» የሚለው። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጀምር ባለሙያ ከሁሉ በላይ በዚህች ጥያቄ ላይ ጊዜውን እንዲያጠፋ እለምነዋለሁ። ክላስተር የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

ሌሎቹ ችግሮች ከክላስተሩ አልመጡም፤ ለአንድ ማሽን ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ሁለት ቤት ሲሰጠው የሚያመጣው ጣጣ ነው። የተቃኙ መታወቂያዎች በመጀመሪያው ማሽን ዲስክ ላይ ነበሩ፤ ፕሮግራሙ ሲዛወር ፎቶ የሌለው አባል በዛ። እነሱን ወደ ጋራ ማከማቻው በማዛወር ተቃለለ። የስልክ መልእክት የሚልከው ፕሮግራም ግን አስደንጋጭ ነገር ሠራ። በሁለቱም ማሽኖች ላይ ተጭኖ በየራሱ ሰዓት ይነሳ ስለነበር አንድ አባል 500 ብር ሲያወጣ «500 ብር ወጥቷል» የሚል መልእክት ሁለት ጊዜ ደረሰው። አባላት ተደናግጠው መጡ፤ አንድ አዛውንት ከአንኮበር መንገድ በእግራቸው ነበር የመጡት። ሂሳባቸውን አሳይተን አረጋጋናቸው እንጂ ያ ቀን ያጠፋብንን እምነት ለመመለስ ወራት ፈጅቶብናል። መልእክት ላኪውንም በክላስተሩ ሥር አስመዘገብኩት፤ በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲኖር። በስምንት መስመር ስክሪፕት አለቀ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈራ አንድ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሰውን እንደማሳሳት ይቆጠርብኛል። መጀመሪያ ላይ አዲስ ማሽን ስላልነበረን ፕሮግራሙን በቀጥታ በሁለቱ የዳታቤዝ ሰርቨሮች ላይ ነበር የጫንኩት። ሁለቱ ሰርቨሮች በየሴኮንዱ «አለሁ» ይባባላሉ። በተለመደው አሠራር ለ30 ሴኮንድ ድምፁ የጠፋው ማሽን ከክላስተሩ ይወጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብለው በአንድ ዲስክ ላይ እንዳይጽፉ በማሽኑ ላይ ያለው የክላስተር ሥራ በግድ እንዲቆም፣ አልቆም ካለም ማሽኑ ራሱ ተዘግቶ እንዲነሳ ይደረጋል። ትክክለኛ ሕግ ነው። እኛ ዘንድ ግን አንድ የብድር ሠራተኛ የዓመቱን ሪፖርት በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲጠራ ፕሮግራሙ የማሽኑን ማህደረ ትውስታ በልቶ ጨረሰው፤ ማሽኑ «አለሁ» ማለት አቃተው፤ ወጣ። ለመስኮቱ ብዬ ያስጠጋሁት ፕሮግራም ዳታቤዙን ይዞ ወደቀ። የዚያ የተከላ ባለሙያ ማስጠንቀቂያ በዚህ በኩል እውነት ነበረው። ክላስተሩ ግን ዳታቤዝ የሌለባቸውን ማሽኖችም ይቀበላል። ሁለት መካከለኛ ሰርቨሮች ጨመርን፤ ፕሮግራሞቹ ከዚያ በቀር ሌላ ቦታ እንዳይነሱ ወሰንን፤ ዳታቤዙ በፊተኞቹ ላይ ብቻውን ቀረ። አዲስ ማሽን መግዛት የማይችል ተቋም ቢያንስ ፕሮግራሙ የሚወስደውን ማህደረ ትውስታ ገደብ ያብጅለት።

ስለ ፈቃዱም ማንሳት አለብኝ። ክላስተርዌሩን ለመጠቀም የግድ የሪል አፕሊኬሽን ክላስተርስን ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሌላ ኩባንያ የሠራውን ፕሮግራም እንዲጠብቅ ማድረግ ግን በሁኔታ የተፈቀደ ነው፤ ሁኔታው የሚጻፈው በየሥሪቱ የፈቃድ መግለጫ ላይ ነው። ስለዚህ የሕግ ክፍላችሁ ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው። በዝቅተኛው ስታንዳርድ ኢዲሽን ፈቃድ ሪል አፕሊኬሽን ክላስተርስን ይጠቀሙ የነበሩ ደግሞ በ19ሲ ሥሪት ይህ እንደቀረባቸው ማወቅ አለባቸው፤ በምትኩ የመጣው አሠራር ዳታቤዙን በአንድ ማሽን ላይ አስነስቶ ሲወድቅ ወደ ሌላው የሚያዛውር ነው፤ ያም የሚሠራው በዚሁ ክላስተርዌር ነው።

«ለምን በነፃ የሚገኘውን አትጠቀሙም?» የሚሉኝ ወጣት ባልደረቦች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የኦራክል ክላስተር የሌለው ተቋም ለአንድ የመስኮት ፕሮግራም ብሎ ይህን እንዲገዛ በፍጹም አልመክርም። ፔስሜከርና ኮሮሲንክ በሊኑክስ ላይ ይህንኑ ሥራ በነፃ ይሠራሉ፤ አድራሻ ማዛወር ብቻ ለሚበቃው ኪፕአላይቭድ አለለት። እኛ ግን ክላስተሩ አስቀድሞ ተገዝቷል፣ የሚከታተለው ሰው አለ፣ ሌሊት ቢደወል ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ። በዚያው ማሽን ላይ ሁለተኛ የክላስተር ሶፍትዌር ብንጨምር አንዱ «ይህ ማሽን ደህና ነው» ሲል ሌላው «ይዘጋ» ሊል ይችላል። በአንድ ማሽን ላይ የመዝጋት ሥልጣን ያለው አንድ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ሠራተኛው ባነሰባቸው እንደ እኛ ባሉ ከተሞች ደግሞ ሁለት ነገር በግማሽ ከማወቅ አንዱን አጥብቆ ማወቅ ይበልጣል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ሥራ አስኪያጃችን እንዲያዩት ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ማታ ተቋሙ ተዘግቶ ነበር። «ጋሼ፣ የትኛውን ላጥፋ? እርስዎ ይምረጡ» አልኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ ከዚያ ፕሮግራሙ እየሠራበት ያለውን ማሽን በጣታቸው አመለከቱ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩት። ማራገቢያው ዝም ሲል ክፍሉ ውስጥ የሰዓታቸው ድምፅ ብቻ የቀረ መሰለኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ገጽ ነጭ ሆነ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። «አንቺ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የመግቢያው ገጽ ተመለሰ። ራሳቸው የይለፍ ቃል አስገብተው የራሳቸውን የቁጠባ ሂሳብ አዩ፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፍተው አዩት። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ገመድ እንድነቅል በደብዳቤ ፈቅደውልኛል። ያ ደብዳቤ ከስክሪፕቱ የማይተናነስ ዋጋ አለው፤ ያልተሞከረ ክላስተር ያለው በወረቀት ላይ ነውና።

አንድ ነገር ይቀረናል። ማሽኖቹ እርስ በርስ «አለሁ» መባባል ሲያቅታቸው ማን እንደሚቀጥል የሚወሰነው በድምፅ መስጫ ዲስኮች ነው፤ ማሽኑ ከዲስኮቹ ከግማሽ በላይ የሆኑትን ማየት ስላለበት ቁጥራቸው ጎዶሎ ይደረጋል። የእኛ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ማከማቻ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር። ማከማቻው ከሞተ ሦስቱም አብረው ይሞታሉ። ሁለተኛ ማከማቻ እንዲገዛና ሦስተኛው ድምፅ ወደ ሌላው ሕንፃችን እንዲሄድ ከጠየቅሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። በሚቀጥለው በጀት ይታያል ተብያለሁ።

በሰሜን ሸዋ ውስጥ የኦራክል ክላስተር ኖሮት ሌላው አገልግሎቱ በአንድ ማሽን ላይ የተንጠለጠለበት ተቋም ካለ፣ አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍላችሁ ማግኘት ይችላል፤ እንድትሰጡልኝ ፈቅጃለሁ። ስክሪፕቶቼን ከነስሕተታቸው ታሪክ በነፃ እሰጣለሁ። ደብረ ሲናም ሆነ ዓለም ከተማ ድረስ በዕረፍት ቀኔ እመጣለሁ። የምጠይቀው ቅዳሜ ማታ ገመድ እንድነቅል እንዲፈቀድልኝ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሰርቨር ክፍል ባለሙያ የሆነች አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን